ክርክር፦ በልጆች ማሳደጊያ ሌሊት በር ይቆለፍ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ልጆችና ወጣቶች በሚያድሩባቸው ማሳደጊያዎች የመኝታ ክፍል ሌሊት በቁልፍ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? አንዱ ወገን «ካልተቆለፈ ይጠፋሉ» ይላል። ሌላው «ከተቆለፈና እሳት ከተነሳ ያልቃሉ» ይላል። ስድብ ክልክል ነው። ጀምሩ።

የሌሊት ተረኛ፦ ማሳደጊያ ውስጥ ነው የምሠራው። አትቆጡኝ እንጂ ይቆለፍ ባይ ነኝ። 22 ልጆች አሉኝ፣ ተረኛዋ ግን አንድ እኔ ነኝ። በቅርቡ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በሌሊት ሹልክ ብላ ወጣች። ለካ ውጭ የሚጠብቃት ሰው ነበር። ያገኘናት ሊነጋጋ ሲል ነው። እሳት በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚነሳው? ልጅ ግን በየጊዜው ይጠፋል።

አድጌ የወጣሁ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። እኔ ግን በሩ ከሚቆለፍባቸው ልጆች አንዱ ነበርኩ። በራችን ከውጭ በጓጉንቸር ይዘጋል። ቁልፉ ተረኛዋ ወገብ ላይ፣ ከመጋዘኑ፣ ከቢሮውና ከወጥ ቤቱ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ታስሯል። አስራ ምናምን ቁልፍ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ስትራመድ ይንቃጨላል፤ ድምፁ ሲርቅ ነው እንቅልፍ የሚወስደን። ሽንት ሲይዘን በሩን እንደበድባለን። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። ለሽንት ግማሽ ሰዓት ከጠበቅን ለጭስ ስንት እንጠብቅ ነበር?

ዜና አሳዳጅ፦ የሆነውን ላስታውስ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። 2017፣ ጓቲማላ፦ ከመንግሥት ማሳደጊያ ሸሽተው የተያዙ 56 ልጃገረዶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቆለፈባቸው። ፍራሽ ተቃጠለ፣ በሩ ቶሎ አልተከፈተም፣ 41 ሞቱ። 2001፣ ኬንያ፣ ኪያንጉሊ ትምህርት ቤት፦ አንዱ በር ተቆልፎ፣ መስኮቱ ብረት ሆኖ 67 ወንዶች ልጆች በመኝታ ክፍላቸው አለቁ። 2023፣ ጉያና፣ ማህዲያ፦ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ 20 ሞቱ። ያኔ እንደተዘገበው የማደሪያው ኃላፊ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ደንግጣ ትክክለኛውን ቁልፍ ማግኘት አቃታት።

የሌሊት ተረኛ፦ እሺ፣ ግን አንዱን ነገር ዘለልከው። ማህዲያ እሳቱን በመለኮስ የተጠረጠረችው ስልኳን የተቀማች ተማሪ ናት። ጓቲማላም ቢሆን ፍራሹ በራሱ አልተቀጣጠለም። ልጆቹ ራሳቸው ቢለኩሱስ እኔ ምን ላድርግ?

አድጌ የወጣሁ፦ እንዲህ ከሆነማ ይብሳል። የተናደደ ልጅ ያለበት ክፍል ላይ ጓጉንቸር ታንጠለጥያለሽ? ደግሞ የለኮሰው አንዱ ነው፣ የሚያልቁት ሁሉም ናቸው።

እሳት አጥፊው፦ ጡረታ የወጣሁ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ፤ ልጆቼ፣ ትንሽ ልናገር። ሰው እሳት ሲባል ነበልባል ነው የሚታየው። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ጭሱ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ራሱን ይስታል። ያላችሁ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፣ ለዚያውም ጥቂት። «ደወል አለን» አትበሉኝ። ልጅ እንቅልፉ ከባድ ነው፤ ያ ቀጭን «ጢጥ ጢጥ» የሚለው ማንቂያ ብዙ ልጆችን አይቀሰቅስም። ወፈር ያለ ድምፅ ወይም የሰው ድምፅ የተቀዳበት ይሻላል። ደግሞ መዝጋትና መቆለፍ ይለያያሉ። የመኝታ ክፍሉ በር ሌሊት ገጠም ተደርጎ ይዘጋ፤ ከኮሪደር የሚመጣውን ጭስ ያዘገያል። ቁልፉ ነው ጠላቴ።

ኤሌክትሪሻኑ፦ በመሀል የሚያስታርቅ መላ አለ። በማግኔት የሚይዝ በር ከእሳት ማንቂያው ጋር ይገናኛል። ማንቂያው ሲጮህ ወይም መብራት ሲጠፋ ራሱ ይለቃል። ሲገፉት እየጮኸ ቆይቶ ከ15 ሰከንድ በኋላ የሚከፈትም አለ። ተረኛዋ ሰምታ ትደርሳለች፣ ልጁም ታፍኖ አይቀርም።

የሌሊት ተረኛ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር በሬ ወለል ብሎ ሊከፈት ነው በለኛ! ገንዘቡንስ ማን ይከፍላል? እኛ ጋ የተቃጠለ አምፖል ለማስቀየር እንኳን ደብዳቤ ይጻፋል።

ኤሌክትሪሻኑ፦ ለመብራቱ መጠባበቂያ ባትሪ አለው። ለገንዘቡ መልስ የለኝም። ግን ሌላው ቢቀር በሩ ሲከፈት አንቺ ክፍል የሚጮህ ደወል ግጠሙ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ነገር ናት። ልጅቷ ስትወጣ ትሰሚያለሽ፤ ጓጉንቸሩ አያስፈልግም።

የሌሊት ተረኛ፦ ስሰማ ተነስቼ ልከተላት? 21ዱን ለማን ትቼ?

ሕጉ ይከበር፦ እንግዲህ ክርክሩ ስለ በር አይደለም ማለት ነው። ለ22 ልጅ አንድ ተረኛ የመደበው ሰው የሰው ጉድለቱን በጓጉንቸር እየሸፈነ ነው።

አድጌ የወጣሁ፦ እውነት ነው። ልምምዱም ያው ነው። እኛ ጋ በዓመት አንዴ፣ ረፋድ ላይ፣ ጫማችንን አድርገን፣ በሩ ተከፍቶ ነበር። ተሰልፈን ወጥተን ፎቶ ተነሳን። ሌሊት፣ በእንቅልፍ ልብ፣ በባዶ እግር ማንም ሞክሮት አያውቅም።

የሌሊት ተረኛ፦ አሁን ተረኛ ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ስታበሳጩኝ ተነሳሁና ሞከርኩት። ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ፤ ከወንበሬ ተነስቼ፣ ኮሪደሩን አልፌ፣ ቁልፉን መርጬ ጓጉንቸሩን እስክከፍት 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀብኝ። መብራት እያለ፣ ሳልደነግጥ። ሁለት ጊዜ የመጋዘኑን ቁልፍ ነው ያስገባሁት። ጓጉንቸሩን ለዛሬ ኪሴ ከትቼዋለሁ፣ ወንበሬንም በሩ ሥር አምጥቻለሁ። ጠዋት ለኃላፊው ምን ብዬ እንደምጽፍ ንገሩኝ።