ክለባችን ስካይላይን ድራይቭን ሊነዳ ነው፣ መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሰላም ወገኖች እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያለን ሀበሾች ተሰባስበን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይክል እንነዳለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳብልዩ ኤንድ ኦዲ ትሬል (የሳይክልና የእግር መንገድ) ላይ ነው፣ ረጅም የምንለውም እስከ ፐርስልቪል ያለውን ነው። አሁን ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ተራራው ላይ ያለውን ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ እንንዳ ተባለና ሁሉም እሺ አለ። ከጫፍ ጫፍ 105 ማይል ነው፣ ጠንካሮቹ ልጆች ሙሉውን በአንድ ቀን ካልጨረስን እያሉ ነው፣ እኔ ግን አስተባባሪ ስለሆንኩ የሚያሳስበኝ ሌላው ሰው ነው። ሃምሳን ያለፉ አባቶች አሉን፣ ዘንድሮ ሳይክል የጀመሩ እህቶችም አሉ፣ ማንም ተራራ ላይ ብቻውን ቀርቶ እንዲንገላታ አልፈልግም። ምን ያህል ርቀት ይበቃናል? ማርሽ መቀየር የግድ ነው? ምግብና ውሃስ እንዴት ነው የምንይዘው? በናታችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ክለብ ሙሉውን አልመክርህም። የስካይላይን ዳገት እንደ ግድግዳ የቆመ አይደለም፣ መንገዱ በ1930ዎቹ ሲሠራ (1939 ነው ያለቀው) ለመኪና ሽርሽር ታስቦ ስለሆነ ረጋ ያለ ነው፣ ሰውን የሚጨርሰው አለማለቁ ነው። ፍሮንት ሮያል ያለውን የሰሜኑን መግቢያ በር እንዳለፋችሁ ገና ሰውነታችሁ ሳይሞቅ ዳገት ይጀምራል፣ 4.6 ማይል ላይ ዲኪ ሪጅ ቪዚተር ሴንተር እስክትደርሱ እረፍት የሚባል ነገር ብዙም የለም፣ እዛ ላይ ነው አዲስ ሰው ከጠንካራው ጋር እኩል ልሂድ ብሎ ጉልበቱን የሚጨርሰው። ከዛ በኋላ ወረድ ትላላችሁ፣ ደሞ ትወጣላችሁ፣ እንዲህ እያለ 21 ማይል አካባቢ ሆግባክ የሚባለው ከፍታ ላይ ያደርሳችኋል።

አሁን የምነግርህን ነገር ለሁሉም ንገራቸው። 24 ማይል ላይ ኤልክዋሎ አለ፣ ምግብም መጸዳጃም ስላለው ሰው ሁሉ እዛ በልቼ እመለሳለሁ ብሎ ያቅዳል። ግን ከሆግባክ እስከ ኤልክዋሎ ያለው ሦስት ማይል ቁልቁለት ነው። ቁጭ ብለህ በልተህ እግርህ ከቀዘቀዘ በኋላ ስትነሳ መጀመሪያ የሚቀበልህ ያው ሦስት ማይል ዳገት ሆኖ ነው፣ ከዛ በላይ ደግሞ ወደ ፍሮንት ሮያል ሲመለሱ ሁሉም ቁልቁለት ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፣ መሀል ላይ የሚወጡ ብዙ ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ሆግባክ ላይ ሰውን በደንብ እያችሁ ወስኑ፣ የደከመው እዛው ይመለስ።

መካኒክ ነኝ፦
የማርሹን እኔ ልመልስ። ትሬሉ የድሮ የባቡር ሐዲድ ስለነበር ይሄን ያህል ዳገት የለውም፣ እዛ ላይ ማርሼ ይበቃል ያለ ሰው ሸናንዶዋ ላይ አይበቃውም። ፊት ለፊት 50/34 (የሁለቱ የፊት ማርሾች ጥርስ ብዛት ነው) ካላችሁ ከኋላ ትልቁ 32 ወይ 34 ጥርስ የሆነ ካሴት (የኋላ ማርሾቹ ስብስብ) አስገቡ። 34 በ34 ሆነ ማለት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፣ ጉልበት ሳትጨርስ ቁጭ ብለህ ትወጣለህ። 53/39 የያዘ ሰው ካለ ግን መጀመሪያ እሱን አነጋግረው፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ ጉልበቱን ያሳምመዋል።

ካሴት ብቻ ገዝታችሁ እንዳትገጥሙ። የኋላው ዲሬለር (ካቴናውን ከማርሽ ማርሽ የሚያዛውረው) አጭር ከሆነ 34 ጥርስ አይቀበልም፣ ካቴናውም ሊያጥር ይችላል፣ ያጠረ ካቴና ደግሞ ከፊት ትልቁ ማርሽ ከኋላም ትልቁ ላይ ሲገባ ዲሬለሩን ይገነጥለዋል። ስለዚህ ሥራው ከጉዞው አንድ ወር በፊት ይለቅና ልምምድ ላይ ይሞከር። የፍሬን ጎማ ያለቀበት ይቀይር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁት፣ ሪሙ (ጎማው የሚገባበት ክብ) ይቀዝቅዝ። ካርቦን ሪም ኖሮት ፍሬኑ ሪሙን የሚይዝ ሰው ይሄን በተለይ ይስማኝ፣ ሙቀቱ ሪሙን ያበላሸዋል።

የሜሪላንዷ፦
ወንድሜ ስለ አባቶቹና ስለ እህቶቻችን ማሰብህን እግዚአብሔር ይባርክልህ። ልምምዱን ከትሬሉ አውጣው፣ እዚህ ሜሪላንድ ያለው ሹገርሎፍ ተራራ ውሰዳቸውና ደጋግመው ይውጡ። ሌላው፣ ልምምዳችሁ ከባድ የሚሆነው ነሐሴ ላይ ነው፣ ፍልሰታ እዛው ላይ ነው፣ የሚጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ በሙቀት ረጅም ዳገት እንዲነዳ አታድርጉ፣ በጾሙ ሳምንታት አጫጭር አድርጉትና ረጅሙን ከፍቺው በኋላ አድርጉት።

ምግብ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፣ ሳይርባችሁ ብሉ። እኔ የበሶ ጭብጦ ነው የምይዘው፦ በሶውን በማርና በትንሽ ውሃ አሸዋለሁ፣ ጨው ቆንጠር አድርጌ እጨምርበታለሁ፣ በአንድ ጉርሻ ልክ እያድበለበልኩ በፎይል እጠቀልለዋለሁ፣ የጀርባ ኪስ ውስጥ አይፈርስም። በሶ ግን ያለ ውሃ አይሄድም፣ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ይያዝ፣ አንዱ ውስጥ ጨው ያለው መጠጥ ይሁን። ቴምርና ሙዝም ጥሩ ነው። ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው የስፖርተኛ ጣፋጭ) ለምዶ የማያውቅ ሰው የዛን ቀን አይጀምር።

ሩቅ ነጂ፦
እኔ ከላይ በተባለው በከፊል አልስማማም። ጠንካሮቹን ለምን ትይዟቸዋላችሁ? ለሁለት ተከፈሉ፣ እነሱ ጎህ ሲቀድ መብራት አድርገው ይነሱና እስከ ደቡቡ ጫፍ ሮክፊሽ ጋፕ ይሂዱ፣ የራሳቸው መኪና ይኑራቸው። ሌላው ክለብ ደግሞ ተመልሶ ፍሮንት ሮያል ከሚመጣ ቶርንተን ጋፕ የሚባለው መውጫ ላይ ይጨርስ፣ 31.5 ማይል ነው። ከኤልክዋሎ በኋላ ትንሽ ወጣ ወረድ ይልና መጨረሻው ቁልቁለት ነው፣ ሰው ደስ ብሎት ይጨርሳል። ከቶርንተን ጋፕ አልፎ ለሚሄድ ወዲያው 32.2 ማይል ላይ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፣ ውስጡ ይጨልማል፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ያለው ብቻ ይግባ፣ የፓርኩም ሕግ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ቶርንተን ጋፕ ያልከው ከኔ ይሻላል፣ ተስማምቻለሁ። ሕግ ካነሳህ አይቀር፣ ጎን ለጎን መንዳት ክልክል ነው፣ አንድ በአንድ ነው የሚኬደው። መኪናም በሰዓት እስከ 35 ማይል ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ ግን ነጂው ተራራ ተራራውን እያየ ስለሆነ ደማቅ ልብስ ልበሱ። ጠዋት አጋዘን ዘሎ መንገድ ይገባል፣ ጭጋግም ይኖራል። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ስለዚህ "እንደዋወላለን" ብላችሁ አትለያዩ፣ የምትገናኙበትን ቦታ በማይል ቁጥር ተነጋገሩ፣ ቁጥሮቹ መንገዱ ዳር ተተክለዋል።

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሰብኩትን ሁሉ ነው የቀየራችሁት። ለሁለት እንከፈላለን፣ ዋናው ቡድን ቶርንተን ጋፕ ይጨርሳል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ መኪናዎቹ የት ይሁኑ፣ ከኋላችን ይከተሉ ወይስ ቀድመው ይጠብቁን?

ሩቅ ነጂ፦
ከኋላ በቀስታ መከተል አይሆንም፣ መንገዱ ጠባብ ነው የሌላ ሰው መኪና ይደረደርባችኋል። መኪናው ዲኪ ሪጅ ይጠብቅ፣ የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ ተነስቶ ሆግባክ ይሂድ፣ ከዛ ኤልክዋሎ፣ ከዛ ቶርንተን ጋፕ። ከጠንካሮቹ አንዱ ደግሞ ፈቃደኛ ሆኖ ከሁሉም ኋላ ይንዳ፣ ከመነዳሪና መንፊያ እሱ ጋ ይሁን፣ ከሱ ኋላ ማንም እንዳይቀር። ስትጨርሱ በ211 መንገድ ወደ ስፔሪቪል ከተማ ወርዳችሁ 522 መንገድን ብትይዙ ፍሮንት ሮያል ያመጣችኋል፣ ያቆማችኋቸውን መኪናዎች ታነሳላችሁ።

የሜሪላንዷ፦
መኪናው ውስጥ ለሁሉም ጃኬት ይጫን፣ ላብ ያለው ሰው ሆግባክ ላይ ሲቆም ይበርደዋል። ለአዲሶቹ እህቶች ደግሞ ቁልቁለቱን ከፊታቸው የሚመራቸው አንድ ረጋ ያለ ሰው መድቡላቸው፣ ከፈለጋችሁ እኔ እመጣለሁ።