«የፈረንጅ ሕግ ነው» ሲባል ምን ይመለሳል? ሴዳውስ በአቤቱታ ላይ እንዴት ይጠቀሳል?

አዋሽ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አዳማ ላይ በነጻ የሕግ ድጋፍ የምንሠራ ሰዎች ከቀበሌ ሴቶችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር የሚደረግ ውይይት እያዘጋጀን ነው። ለማሳያ የያዝነው ጉዳይ በአካባቢው የተለመደ ነው። አባት ከከተማው ወጣ ብሎ የእርሻ መሬት ትተው ይሞታሉ። ወንድሞች «ያገባች ሴት ከጎሳ መሬት አትካፈልም» ይላሉ። ልጅቱ ደግሞ ነገሩ በባህል ፍርድ ቤት እንዲታይ አትፈልግም።

ጥያቄዎቼ፦ ሴዳውን (በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ለማስወገድ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት) ወይም የማፑቶ ፕሮቶኮልን (ስለ ሴቶች መብት የወጣውን የአፍሪካ ስምምነት) ስናነሳ «ይህ የነጮች ሕግ ነው» ለሚለው ሽማግሌ ምን እንመልስ? ዳኛውስ እንዳያልፈው በክሱ ላይ እንዴት ይጻፍ? የባህል ፍርድ ቤቱን እምቢ ማለት ትችላለች ወይ?

መዝገብ ቤት

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብዙ ክስ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ዓለም አቀፉን ስምምነት መጀመሪያ ያስቀምጣል። ዳኛው ግን አገር ውስጥ ያለውን ሕግ ነው የሚፈልገው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

መጀመሪያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35(7)፦ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት አላቸው፤ በውርስም እኩል ናቸው። ቀጥሎ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842፦ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው። ቁጥር 837 ደግሞ የወራሹ ፆታ በውርስ መብቱ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ በግልጽ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) እና 13(2) ድልድይ ሆነው የሚመጡት። የመጀመሪያው ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል፤ ሁለተኛው የመብት ድንጋጌዎች ከእነሱ ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል።

ታዲያ ሴዳው ምን ይጨምራል? ወጥመዱ እዚህ ነው። የገጠር መሬት ውርስ እንደ ቤትና እንደ ከብት አይደለም፤ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬቱ ለ«ቤተሰብ አባል» ይተላለፋል ይላል፤ የቤተሰብ አባል ያለውም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ነው። ቃሉ ወንድ ሴት አይልም። ነገር ግን ተድራ ወደ ባል ቤት የምትሄደው ሴት ልጅ ናት፤ ወንዱ እዚያው ጎጆ ይወጣል። ስለዚህ ወንድሞቿ የጎሳን ልማድ ትተው ይህን ትርጉም ብቻ ቢጠቅሱም ሊረቷት ይችላሉ። የሴዳው አንቀጽ 1 አድልዎን በዓላማው ብቻ ሳይሆን በውጤቱም ይለካል። አንቀጽ 14(2)(ሰ) በተለይ የገጠር ሴትን የመሬት መብት ይነካል። የማፑቶ ፕሮቶኮል አንቀጽ 21(2) ደግሞ ሴቶችና ወንዶች የወላጆቻቸውን ንብረት በእኩል ድርሻ እንደሚወርሱ ይደነግጋል። ክርክራችሁ «ይህ ትርጉም በውጤቱ ሴት ልጅን ብቻ ያገልላልና በአንቀጽ 13(2) መሠረት ይቃና» የሚል ይሁን።

የሚመጣው መቃወሚያ «ስምምነቱ ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም» ነው። መልሱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። በልጅ አስተዳደግ ክርክር ላይ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ነው የወሰነው። ውሳኔውን አያይዙ፤ የምትጠቅሱትን አንቀጽም በችሎቱ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ አስተርጉማችሁ አያይዙ። ዳኛው ፈልጎ ያንብብ ማለት አይነበብ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የማፑቶ ፕሮቶኮል የጸደቀው በአዋጅ ቁጥር 1082/2010 ነው፤ አገሪቱ ተዓቅቦ ይዛበታለች፤ ማለትም በአንዳንድ አንቀጾች አልገደድም ብላለች። የምትጠቅሱት አንቀጽ ከተያዙት ውስጥ አለመሆኑን አዋጁን ከፍታችሁ ሳታዩ አትጻፉ።

ጨፌ

ለመጀመሪያው ጥያቄ። «የነጮች ሕግ» የሚለውን ክርክር አትናቁት፤ ታሪክ አለው። ግብፅን ይገዛ የነበረው ሎርድ ክሮመር የሙስሊም ሴቶችን ሂጃብ እያነሳ አገሩን ኋላ ቀር ሲል ኖሮ፣ እንግሊዝ ሲመለስ ሴቶች እንዳይመርጡ የሚታገለውን ማኅበር መርቷል። በሴት ስም አገር መግዛት የታየ ነገር ነው።

ሽማግሌው የዘነጋው ሌላ ነው። «ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስት ትታዘዘዋለች» የሚለው ድንጋጌ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 635፣ የተረቀቀው በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነው። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድ 18 ያለውም ያው ሕግ ነው። ቁጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በሚሸፍነው ጉዳይ ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሁሉ ሽሯል። «ባህላችን» ተብሎ የሚጠበቀው ግማሹ ከፓሪስ ነው የመጣው። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተቀየረው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ለለውጡም ከተሟገቱት ውስጥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዋነኛው ነበር። ኦሮሚያም የራሷን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 አወጣች። ሴዳው ግን በደርግ ጊዜ፣ በጳጉሜ 1973 ነው የጸደቀው። ከስምምነቱ እስከ ቤተሰብ ሕጉ ወደ 19 ዓመት ነው። ወረቀቱ በራሱ ምንም አላደረገም፤ ያንቀሳቀሱት የአገር ሴቶች ናቸው።

ዓለም አቀፉን ጽሑፍ የጻፉትም ነጮች ብቻ አይደሉም። በ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 1 ላይ «ወንዶች ሁሉ» ተብሎ ሊነበብ የሚችለውን ቃል «የሰው ልጆች ሁሉ» ያሰኘችው ሕንዳዊቷ ሃንሳ ሜህታ ናት። ኢትዮጵያም ያንን መግለጫ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች።

ግን ይህን ሁሉ ለሽማግሌ አትዘርዝሩ። ከሲንቄ ጀምሩ፤ ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዘው የክብር በትር ነው። ሚስቱን የደበደበ ባል ላይ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ አባ ገዳውም ቆሞ ይሰማል፤ ባል ሳይክስ አይመለሱም። የሴት ክብር ከውጭ የመጣ ሐሳብ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሉሜ በር

ጨፌ፣ የሬኔ ዳቪዱን ነገር ስትጠቅስ ግማሹን ነው። መዝገብ ቤት የጠቀሰው 837 ከዚያው ሕግ ነው፤ ፈረንሳዊው ባልን ራስ አድርጎ ሴት ልጅን ግን እኩል ወራሽ አድርጓል። ሽማግሌው ይህን ከያዘ «አያችሁ፣ የውርሱም እኩልነት ከፈረንጅ ነው» ይላችኋል። ከየት መጣ በሚለው ክርክር ማንም አያሸንፍም። «ማንን ይጎዳል፣ ማንንስ ጠየቃችሁ?» ወደሚለው ቶሎ ውሰዱት።

ሲንቄም እንዲሁ። ያገባችን ሴት ከጥቃት ይጠብቃል፤ ለሴት ልጅ የአባቷን መሬት ይሰጣል የሚል ግን የለበትም። ጠንቃቃ ሽማግሌ «ሲንቄ መሬት የሚያካፍለው የት ነው?» ቢል መልስ የላችሁም። ሲንቄን ለድብደባ ጉዳይ አቆዩት። ለመሬት የሚሻለው የታንዛንያው ነው፤ በምዋንዛ የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ሴት የጎሳ መሬት አትሸጥም የሚለውን የሃያ ሕዝብ ልማድ ሲሽር ሴዳውን ጠቅሷል። ዳኛውም ባለጉዳዮቹም አፍሪካውያን፣ መሬቱም የጎሳ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ አዎ፣ እምቢ ማለት ትችላለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በልማድ የሚታየው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 በአንድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ ላይ ይህንኑ አጽንቷል። በኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶች የታወቁት በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ነው። እምቢታዋ ግን በቃል አይሁን። በመጀመሪያው ቀጠሮ በጽሑፍ ታስገባ፣ ቀኑን አስመዝግባ ቅጂውን ትያዝ። ቀርቶ ዝም ማለት በኋላ «ተስማምታ ነበር» ያስብላል።

ከዚህ የሚብሰው የአሻራ ነገር ነው። ሽማግሌዎች «ለዕርቅ ነው» ብለው ያስፈረሙት ወረቀት በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 በተዋዋዮች መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሳይነበብላት፣ ድርሻዋ በሄክታር ሳይጻፍ አውራ ጣቷን አታኑር። ከዚህ ጋር ደግሞ የቀበሌ ሽምግልናን አታምታቱ። በአዋጅ ቁጥር 130/1999 በተዘረጋው አሠራር የገጠር መሬት ክርክር መጀመሪያ ቀበሌ ቀርቦ እያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ሽማግሌ ይመርጣል። እዚያ ከሁለቱ ቢያንስ አንዷን ሴት ታድርግ፤ ብዙዎቹ ይህን መብት ለአጎት አሳልፈው ይሰጣሉ።

አዋሽ ማዶ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ የቤተሰብ አባል ትርጉሙን ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። ሁለት ነገር ቀረኝ። 456/1997 በአዲሱ 1324/2016 ተተክቷል፤ የትኛውን እንጥቀስ? ተሸንፋ ከጨረሰችስ ጄኔቭ፣ ሴዳው ኮሚቴ ድረስ መሄድ ይቻላል?

መዝገብ ቤት

የሚወስነው አባትየው የሞቱበት ቀን ነው፤ ውርስ የሚከፈተው በሞት ቀን ነውና። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው የሞት ማስረጃ ነው፣ ቀጥሎ የወራሽነት ማረጋገጫ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996)፣ ከዚያ የይዞታ ደብተሩ ቅጂ። ወራሽ ንብረቱን ከያዘው ሰው ለማስመለስ በዚያው ሕግ ቁጥር 1000 ያላት ጊዜ መብቷንና መያዙን ካወቀች ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ሽማግሌ ስትጠብቅ የሚያልፍባት ይኸው ነው፤ ሽምግልናው ቢቀጥልም ክሱ ይግባ።

ጄኔቭ አይሆንም። ኢትዮጵያ የሴዳውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል አላጸደቀችም፤ የግለሰብ አቤቱታ አይቀበሏትም። ያለው በር የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው፣ እሱም የአገር ውስጡ መንገድ ተሟጥጦ። በጠለፋና በመደፈር ጉዳይ ኮሚሽኑ በአቤቱታ ቁጥር 341/2007 ኢትዮጵያን ጥፋተኛ ብሎ ለተጎጂዋ 150,000 ዶላር እንዲከፈል ወስኗል። ግን አቤቱታው ከቀረበ እስከ ውሳኔው ስምንት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ለመሬት ክርክር በዚያ ላይ አትተማመኑ፤ ከወረዳ እስከ ሰበር ባለው ላይ ሥሩ።