ከጅማ ድሬዳዋ የሚሰበር ዕቃ በማን ልላክ?

ሰላም ወገኖች። ጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማና የሸክላ ጀበና እሸጣለሁ። አሁን ድሬዳዋ ያለች ደንበኛ ለሠርግ ስጦታ አንድ ትልቅ በርጩማ ከነጀበናው አዛ ቀብድ ከፍላለች።

እስካሁን የምልከው በአውቶቡስ ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በቀኑ ይደርሳል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ወርዶ ሌላ መኪና ላይ ሲጫን ማን እንደሚወረውረው አይታወቅም። ባለፈው የላክሁት በርጩማ አንድ እግሩ ከሥሩ ተገንጥሎ ደረሰ። ወጥ እንጨት ስለሆነ በኮላ ቢጣበቅም ሰው ሲቀመጥበት ይከዳል። ካሳ ስጠይቅ ረዳቱ በጫኙ፣ ጫኙ በተረካቢው ያሳብባል። ደረሰኙ ላይ ያለው ደግሞ «1 ካርቶን» ብቻ! ውስጡ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣ የለም።

በአውሮፕላን ከጅማው አባ ጅፋር ኤርፖርት ልላከው ብዬም አስቤ ነበር። የአየር ጭነት ግን ቦታ ለሚይዝ ዕቃ የሚያስከፍለው በመጠኑ ነው፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል። የእኔ ካርቶን 50 በ50 በ60 ነው። ዕቃው 10 ኪሎ ሳይሞላ የ25 ኪሎ ልከፍል ማለት ነው። አስተማማኝ ከሆነ ግን እከፍላለሁ።

ማሸጉን ለእኔ ተዉት፣ ጀበና በጭድ መጠቅጠቅ ለምጃለሁ። ከፖስታ ቤት፣ ከአየር ጭነትና ከግል ዕቃ አድራሾች፣ የዕቃውን ዋጋ ደረሰኝ ላይ ጽፎ የተቀበላችሁና ሲሰበር በእርግጥ የካሳችሁ የትኛው ነው?