ሲኤስቲ ያለኝ እንግዳ በየት አገር ሰዓት ነው የቀጠረኝ?

ሰላም ናችሁ ወገን፣ ከውጭ ሰዎች ጋር በቻት የምትሰሩ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማየት የሚፈልጉ እንግዶችን መንዝ ጓሳ ይዤ እወጣለሁ። አሁን የሚመጡት ግማሾቹ ቺካጎ ግማሾቹ ሻንጋይ ነው ያሉት፣ አስተባባሪያቸው ደሞ ለንደን ሆኖ በዋትሳፕ "ማክሰኞ ጠዋት 8 ሲኤስቲ እንደዋወል፣ ኢቲኤ ቲቢሲ" ብሎ ላከልኝ። ኢቲኤ መድረሻ ሰዓት ነው፣ ቲቢሲ ገና ይረጋገጣል ነው፣ እሱ ገብቶኛል። ሲኤስቲ ግን የመሀል አሜሪካም የቻይናም ሰዓት መጠሪያ ነው እኮ! አሁን በነሱ ክረምት የቺካጎው ከሆነ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ የሻንጋዩ ከሆነ ደሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ጭራሽ አይገናኝም። በቅሎ የሚያከራዩኝ አባት ቀኑን ቁርጥ አድርገህ ንገረኝ እያሉኝ ነው፣ እሳቸውም እውነታቸውን ነው ሌላ ሰው ይጠይቃቸዋላ።

መልሼ የየት አገር ነው ብዬ ብጠይቀው እንደ ነውር ያዩታል ወይስ የተለመደ ነው? እኔስ ስመልስ የኛን ሰዓት ዩቲሲ+3 (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድም ማለት ነው) ብዬ ብጽፈው ለሁሉም ግልጽ ይሆናል ወይስ የከተማ ስም ልጨምርበት፣ ለምሳሌ "በአዲስ አበባ ሰዓት" ብዬ? ደሞ ቀን ስንጽፍ እኛ ጂሲ ኢሲ የምንላትን ፈረንጅ አያውቃትም መሰለኝ፣ እናንተ በምን ትተኳታላችሁ? እስከ ነገ ማታ መመለስ አለብኝ፣ የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ።