ቀለህ በቤት መልሶ መሙላት ለሚጀምሩ፦ የዕቃና የመደብር ጥቆማ ለሰሜን ቨርጂኒያና አካባቢው

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩና በመኸር ወራት አጋዘን የሚያድኑ ወይም ቅዳሜያቸውን በዒላማ ተኩስ የሚያሳልፉ አንዳንድ ወገኖች፣ የተተኮሰ ቀለህን በቤት ውስጥ መልሶ ለመሙላት የትኛውን ዕቃ መግዛት እንደሚሻል ይጠይቃሉ። የእኔ ምክር ፈጣኑን ማሽን ትታችሁ ቀርፋፋውን እንድትመርጡና የተረፋችሁን ገንዘብ በሚዛን ላይ እንድታውሉት ነው።

ከዕቃው በፊት ግን ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ መገልገያ የሚሆን ጥይት ለመሙላት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለሽያጭ የሚያመርት ሰው ግን የአምራችነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ የአደን ፈቃድ እንደ መያዝ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጥይት መያዝ ራሱ የተከለከለ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሕጉ ባዶ ቀለህን፣ ፕራይመርን (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን የቀለህ መቀመጫ ላይ ያለ ትንሽ ክፍል) እና ባሩድን ጭምር እንደ ጥይት ስለሚቆጥር፣ በስሙ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው የከተማዋ ነዋሪ ከቨርጂኒያ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይዞ መግባት እንደሚችል አድርጎ እንዳያስብ አደራ እላለሁ። አገር ቤት ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚገዛ ይህ ጥቆማ እዚያ አይሠራም።

ሥራው የተተኮሰውን ቀለህ ማጽዳት፣ የተቃጠለውን ፕራይመር ማውጣት፣ የሰፋውን ናስ በዳይ (ማሽኑ ላይ በሚገጠም የብረት ቅርጽ ማስተካከያ) ጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ፣ አዲስ ፕራይመር መትከል፣ የተመዘነ ባሩድ መጨመርና በመጨረሻ አረሩን ማስገባት ነው። ዓላማችሁ ለ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ወጪ መቀነስ ብቻ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል፤ የፋብሪካው ጥይት በራሱ ርካሽ ስለሆነ የማሽኑ ዋጋ ቶሎ አይመለስም። ትርፉ የሚታየው እንደ 270 ዊንቸስተርና 30-06 ባሉ የአደን ጠመንጃዎችና በትልልቅ ሪቮልቨሮች ላይ ሲሆን፣ ከገንዘቡም በላይ ለአንድ ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት በራስ እጅ ማዘጋጀት መቻሉ ነው ሰውን የሚይዘው።

ከማሽኖቹ መካከል ለጀማሪ የምመርጠው አርሲቢኤስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ሮክ ቸከር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ዳይ ብቻ የሚይዝ ከባድ የብረት መጭመቂያ (ፕሬስ) ስለሆነ እያንዳንዱን ደረጃ ለሁሉም ቀለህ ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ፤ ይህ ቢያሰለችም ስሕተት ወዲያው እንዲታይ ያደርጋል። በዊስኮንሲን የሚገኘው የሊ ኩባንያ ምርቶች ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በተለይ አራት ዳይ የሚይዘውና የሚሽከረከረው ክላሲክ ተሬት ለሽጉጥ ጥይት ጥሩ ዕቃ ነው፣ ምንም እንኳ አንዳንድ ትንንሽ ክፍሎቹ ፕላስቲክ መሆናቸው ባይማርከኝም። የአሪዞናው ዲሎን ማሽኖች በጥራትም በዋስትናም የተመሰገኑ ናቸው። ሆኖም እጀታው በተጎተተ ቁጥር በተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ ብዙ ቀለሆች በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ አንዱ ቀለህ ባሩድ ሳይገባለት ወይም እጥፍ ገብቶለት ሲያልፍ ጀማሪ ልብ ላይለው ይችላል፤ ስለዚህ ለሁለተኛ ማሽንነት ይቆዩ።

ባሩድ ያልገባበት ጥይት አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ቀርቅሮ ይተወዋል፤ የሚቀጥለው ተኩስ መሣሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። እጥፍ ባሩድም እንዲሁ። ስለ ሚዛኑ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። የዲጂታል ሚዛን ፈጣን ቢሆንም በሙቀት ለውጥና በፍሎረሰንት መብራት ሊዛባ ስለሚችል፣ ባለ ክንድ ሚዛን ወይም ቢያንስ የመፈተሻ ክብደቶች አብራችሁ ግዙ። የባሩድ መጠን ከአምራቾች መመሪያ ብቻ ይወሰዳል፤ የባሩድ ኩባንያው ሆግደን የራሱን በድረ ገጹ በነጻ ያወጣዋል። ከዝቅተኛው መጠን ትጀምራላችሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥም፤ የሚቻል ከሆነም የቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላ ዓይነት ምረጡ፣ እጥፍ ቢጨመር ሞልቶ ይፈሳልና።

ዳይ ስትገዙ ለሽጉጥ ካርባይድ የተባለውን ጠይቁ፤ ቀለሁን ቅባት መቀባት ያስቀርላችኋል። አንገተ ጠባብ የሆነው የጠመንጃ ቀለህ ግን ካልተቀባ ዳዩ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከተኩስ ሥፍራ የተለቀመ ቀለህ ከሆነ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ከታች መካከሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው ይሞላል፣ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሉት ግን ለእናንተ አይሆንም። የአሉሚኒየሙንም ጣሉት።

የግዢውን ቦታ በተመለከተ፣ ፕሬስና ዳይ ከሚድዌይ ወይም ከብራውኔልስ በፖስታ ማስመጣት ምርጫ ያሰፋል። ባሩድና ፕራይመር ግን እንደ አደገኛ ጭነት ተጨማሪ ክፍያ ስላለባቸው፣ ጌይንስቪል ካለው ካቤላስ ወይም በሜሪላንድ አሩንደል ሚልስ ካለው ባስ ፕሮ ሄዶ መግዛት ለጥቂት ጣሳ ያዋጣል። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) 495 ደንብ በመኖሪያ ቤት ከፋብሪካ በመጣበት ማሸጊያ የሚቀመጥ ባሩድ እስከ 20 ፓውንድ፣ ፕራይመር ደግሞ እስከ 10,000 ነው። ባሩድን በታሸገ የብረት ካዝና አታስቀምጡ፤ እሳት ቢነሳ የታፈነ ባሩድ ቦምብ ይሆናል።

ስለ ማጽጃው አንድ ነገር ልጨምር። ፕራይመር ሲቃጠል የእርሳስ ብናኝ ይተዋል፤ በደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ የሚያንቀጠቅጠው ማጽጃ ዋጋው ቢቀንስም ብናኙን ወደ አየር ስለሚለቅ፣ ልጆች ባሉበት ቤት በውሃና በብረት መርፌ የሚሽከረከረውን እመርጣለሁ። የሚደፋውን ውሃም የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አትጨምሩት፤ ሥራው ሲያልቅ እጅ ይታጠባል፣ ቡናውም ከዚያ በኋላ ይቀርባል።