የዕቅድ ውይይት፦ ከዓሣ መጥበሻ ዘይት የበረዶ ሣጥን ፎም (ሐዋሳ፣ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ)

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን። ረቂቁ ደርሷችኋል። ባጭሩ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ጠባሾችና ከሆቴሎች ያገለገለ ዘይት ሰብስበን ጠንካራ ፖሊዩሬታን ፎም (ቅዝቃዜ የሚይዝ የፕላስቲክ አረፋ) እንሠራለን፤ ፎሙ የዓሣ ማጓጓዣ ሣጥን ግድግዳ ይሞላል። ያልተቋጨው የአሠራሩ መንገድ ነው። ረቂቁ ዘይቱን ወደ ፖሊዮል (ፎሙ ከሚሠራባቸው ሁለት ዋና ፈሳሾች አንዱ) ለመለወጥ ኢፖክሲዴሽን ይላል። ምን ትላላችሁ?

ቤተ ሙከራ፦ ኢፖክሲዴሽኑ ይውጣ። እሱ የሚሠራው በዘይቱ ድርብ ቦንድ ላይ ነው። የሱፍ ዘይት የአዮዲን ቁጥሩ (የድርብ ቦንዱ ብዛት መለኪያ) ከ120 በላይ ስለሆነ ይመቸዋል፤ ከመጥበሻ የምናገኘው ግን አብዛኛው የሚረጋው ፓልም ነው፣ እሱ 50 ገደማ ነው። ከዚያ የሚወጣው ፖሊዮል ለጠንካራ ፎም አቅም የለውም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ፎርሚክ አሲድም አብረው ሲገቡ ብዙ ሙቀት ያወጣሉ፤ በደንብ የማይቀዘቅዝ ጋን ውስጥ ከቁጥጥር ይወጣል።

ዲኢታኖላሚን በሚባለው ኬሚካል የሚሠራው መንገድ ይሻለናል። ድርብ ቦንድ አይፈልግም፣ የዘይቱን የኤስተር ማሰሪያ (ስቡን ከግሊሰሪን ጋር የሚያያዘውን) ነው የሚፈታው። ለ20 ኪሎ ዘይት 7.2 ኪሎ ዲኢታኖላሚን፣ 80 ግራም ሶዲየም ሜቶክሳይድ (ካታሊስት፣ ማለትም ማፋጠኛ)፣ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ፣ እያማሰሉ ከ2 እስከ 3 ሰዓት። መድረሱን ለማወቅ አንድ እጅ ናሙና በሦስት እጅ ሜታኖል ይበጠበጣል፤ ከደፈረሰ አልደረሰም። የሃይድሮክሲል ቁጥሩ (ፖሊዮሉ ከአይሶሳያኔት ጋር የመዋሃድ አቅሙ መለኪያ) በስሌት 420 ነው፣ በተግባር ስለሚያንስ እያንዳንዱ ባች ይለካ። በመጨረሻ ሶዲየም ሜቶክሳይዱ በጥቂት አሴቲክ አሲድ ይገደል፤ ካልሆነ አይሶሳያኔት (ሁለተኛው የፎም ፈሳሽ) ሲገባ ሳይቀላቀል ይነሳል።

የዘይት ሰብሳቢ ቡድን ተጠሪ፦ ይሄ ሁሉ ንጹሕ ዘይት ሲኖር ነው። የዓሣ መጥበሻ ዘይት ጨው፣ የዱቄት ፍርፋሪና ውሃ አለበት። በ60 ዲግሪ አሙቆ ማሳደር፣ ከላይ መቅዳት፣ በአቡጀዲ ማጣራት፣ ጨው ካለው በአንድ አሥረኛ ሙቅ ውሃ አጥቦ ታቹን መልቀቅ። ከዚያ 110 ዲግሪ ላይ አረፋው እስኪጠፋ ማድረቅ። እዚህ ውሃ 94 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ «ፈልቶ አቆመ» ብሎ ቶሎ ማውረድ አይበቃም። የአሲድ ቁጥሩ (በዘይቱ ውስጥ ያለው ነጻ አሲድ መለኪያ) ከ5 ካለፈ ካታሊስቱን ይበላል፤ ከ10 በላይ የሆነ ጀሪካን ለሳሙና ሠሪዎች ይሂድ።

ፎም ክፍል፦ የመነሻ ቀመር፣ ለ100 እጅ ፖሊዮል (ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የተገዛ ስኳር መሠረት ያለው፣ አማካይ የሃይድሮክሲል ቁጥሩ 400)፦ ውሃ 3፣ ሲሊኮን (አረፋውን የሚያረጋጋ) 2፣ አሚን ካታሊስት 1፣ ኤምዲአይ (አይሶሳያኔቱ) 155። የኤምዲአዩ ስሌት እንዲህ ነው፦ 400 × 100 ÷ 56,100 = 0.713፤ ውሃው 3 ÷ 9 = 0.333፤ ድምሩ × 135 (የኤምዲአይ አቻ ክብደት) × 1.10 (አሥር በመቶ ትርፍ)። እያንዳንዱ ግራም ውሃ 15 ግራም ኤምዲአይ ይበላል፣ ዘይቱን በደንብ ማድረቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የእኛን ብቻ መቶ በመቶ አትጠቀሙ። ረጃጅም የስብ ሰንሰለቶቹ ፎሙን ያለሰልሱታል፣ በማግስቱ ይሸበሸባል። ከተነሳ በኋላ የወደቀ ሲሊኮን አንሶታል ወይ መጠንከሩ (ጄሉ) ዘግይቷል፤ እንደ ብስኩት የሚፈረፈረው ውሃው በዝቶበት ነው። ሌላው፣ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጋዙ አንድ አምስተኛ ያህል የበለጠ ይሰፋል። የአቅራቢው ወረቀት ላይ ያለው ቀመር እዚህ ቀላል ፎም ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በኩባያ መሞከር፣ በ40 ኪሎ በሜትር ኪዩብ ማስተካከል፣ ከዚያ ብቻ ወደ ሣጥን።

ገንዘብ ያዥ፦ እህቴ፣ በአንድ ሣጥን ስንት ዘይት ይገባል?

ፎም ክፍል፦ ውጭው 70 × 50 × 50፣ ግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፎሙ 79 ሊትር ይሞላል፤ ብክነቱን ጨምሮ 3.5 ኪሎ። ከዚህ ኤምዲአዩ 2 ኪሎ ይሆናል። ዘይቱ ግማሽ ኪሎ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ረቂቁ ላይ ያለው «ከዘይት የተሠራ ተፈጥሯዊ ፎም» ይሰረዝ። 14 በመቶ ዘይት ይዘን እንዲህ ብንጽፍ ገምጋሚው በመጀመሪያው ጥያቄ ይይዘናል። «የከተማውን ያገለገለ ዘይት ያስወግዳል» የሚለውም እንደዚሁ፤ 100 ሣጥን ብንሠራ 50 ኪሎ ነው። የበጀቱ ዋና ራስ ምታት ኤምዲአይ ነው፣ እሱን በዶላር የሚገባ ዕቃ አድርጋችሁ ለብቻው አውጡት።

ቤተ ሙከራ፦ እስማማለሁ። ፎሙ አይበሰብስምም፣ ይበሰብሳል ብለን አንጻፍ። የሚያዋጣን ነጥብ ሌላ ነው፦ ከተገዛው ፖሊዮል ግማሹን እንተካለን፣ ዘይቱም ተመልሶ ወደ ምግብ መጥበሻ አይገባም።

ደኅንነት፦ አራት ነገር ጨምሩ። የኤምዲአይ ትነት አስም ያስይዛል፣ የጨርቅ ጭምብል አይከላከልም፤ የኦርጋኒክ ትነት ካርትሪጅ ያለው ይገዛ። ውሃ የገባበት የኤምዲአይ በርሜል ተከድኖ ካደረ ይፈነዳል። የፈሰሰውን ከ5 እስከ 10 በመቶ የሶዲየም ካርቦኔት ውሃ ከጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጋር አፍስሶ ሳይከድኑ ሁለት ቀን መተው። ወፍራም ብሎክ በአንድ ጊዜ አይፈሰስ፣ መሐሉ ይቃጠላል።

ሰብሳቢ፦ ገባኝ። አንቀጽ 1 ይስተካከላል፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 20 ኪሎ ዘይት ብቻ ይሆናል። ፎሙ ዓሣውን እንዳይነካ የውስጥ ሽፋኑ ላሜራ ነው ወይስ ፕላስቲክ?

ፎም ክፍል፦ ፕላስቲክ። ላሜራው በጨው ውሃ ይዝጋል።