አዲስ የተነጠፈ የጓሮ ፔቨር (የኮንክሪት ንጣፍ ጡብ) ነጭ ዱቄት አወጣ፤ ሲለር (የሚያሽግ ቅብ) መቼና የትኛው?

የጓሮ_ሰው (ሜሪላንድ)
ሰላም ወገኖች። 400 ስኩዌር ፊት ገደማ የሚሆን የኮንክሪት ፔቨር ፓቲዮ (የጓሮ መቀመጫ ንጣፍ) አለን። የተነጠፈው በኤፕሪል ነው፣ መጋጠሚያው ፖሊመሪክ አሸዋ (ውሃ ሲነካው የሚጠነክር አሸዋ) ገብቶበታል። አሁን ላዩ ነጭ ዱቄት እያወጣ ነው፤ በውሃ ስናጥበው ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል። ባለቤቴ የወደደችው ቀለሙን አድምቆ እርጥብ የሚያስመስለውን ሲለር ነው። አሁን መቀባት ይቻላል? የትኛው ዓይነት ይሻላል? ስንት ጋሎን ይበቃል?

ኮንክሪት_ባለሙያ
ወንድሜ፣ ዱቄቱ እያለ እንዳትቀባ። ከሲሚንቶው የሚወጣ ኖራ ነው። ውሃ በፔቨሩ ውስጥ ሲያልፍ ኖራውን ያሟሟና ወደ ላይ ይዞት ይወጣል፤ እዚያ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ይሄ ደግሞ በተራ ውሃ አይሟሟም። ስታጥበው የጠፋ የሚመስልህ እርጥብ ሲሆን ስለማይታይ ብቻ ነው። ሲለር ከላይ ካለበስክበት ነጩ ከሥር ይታሸጋል፤ ከዚያ በኋላ ለማውጣት ሲለሩን መላጥ የግድ ይሆናል።

ከተነጠፈ ቢያንስ ከ60 እስከ 90 ቀን ጠብቅ፤ የፖሊመሪክ አሸዋው ከረጢት ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜም እይ። ከዚያ ለፔቨር የተሠራ ለስላሳ አሲድ ያለው የኖራ ማጽጃ ግዛ። መጀመሪያ ፔቨሩንና ዳር ያሉትን አትክልቶች በውሃ አርጥብ፣ ማጽጃውን ጣሳው በሚለው መጠን አቅጥን፣ ሳይደርቅ በብሩሽ እሸውና በብዙ ውሃ አጥበው። አሲድ ቀለም ሊለውጥ ስለሚችል በማይታይ ጥግ ላይ ሞክረው። ሙሪያቲክ አሲድ (ጠንካራው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ) ሳይቀጥን የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ፤ የላዩን ሲሚንቶ በልቶ ጠጠሩን ያጋልጠዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

በፕሬሸር ዋሸር (ውሃ በኃይል በሚረጭ ማጠቢያ) ካጠብክ ሰፊ የሚረጨውን አፍ ተጠቀም፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ፣ ውሃውን አግድም ያዘው። ወደ መጋጠሚያው በቀጥታ ከተኮስክ አሸዋውን ታወጣዋለህ።

ሲለር_እና_ቀለም
ስለ ዓይነቱ፦ በጥቅሉ ሁለት ናቸው። ሲሌንና ሲሎክሴን (ውሃ የሚገፉ የሲሊከን ውህዶች) ያለበት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ መልኩን ብዙም አይለውጥም፣ ውሃና በበረዶ ወቅት የሚበተን ጨው እንዳይገባ ያደርጋል። አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት ቅብ) ላይ ላዩን ፊልም፣ ማለትም ስስ ሽፋን፣ ይሠራል፤ ባለቤትህ የወደደችው ይሄ ነው። ፊልሙ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ በሁለተኛው ቅብ ላይ ማንሸራተት የሚከላከለውን ደቃቅ ዱቄት ጨምሩበት። ልጅና አዛውንት ባለበት ቤት ይህን መተው አይገባም። አክሪሊክ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ መታደስ አለበት። የሜሪላንድ የበረዶ ወቅት ውሃውን በረዶ እያደረገና እያቀለጠ ፊልሙን ስለሚያሠቃየው፣ የእኔ ምርጫ የሚሰርገው ነው። ድምቀቱን ከፈለጋችሁት ግን አክሪሊኩን በስስ ቀቡት።

መጠኑ፦ አንድ ጋሎን እንደ ፔቨሩ አመጣጠጥ ከ80 እስከ 150 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል። ለአክሪሊክ ሁለት ቅብ ሲታሰብ የመጀመሪያው 4 ጋሎን ያህል ይጠጣል፣ ሁለተኛው 3 ገደማ። አንድ ባለ 5 ጋሎን ባልዲና ሁለት ባለ አንድ ጋሎን ይበቃል።

ኮንክሪት_ባለሙያ
አቀባቡ ላይ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በእርጥበት ነው። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ፕላስቲክ አራት ጎኑን በቴፕ አጣብቀህ 24 ሰዓት ተወው፤ ከሥሩ ላብ ካየህ ወይም ፔቨሩ ከጠቆረ ገና ነው።

ቀኑ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፣ ለ24 ሰዓት ዝናብ የማይጠበቅበት። ሴፕቴምበር ጥሩ ነው። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጀምር፣ ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ጨርስ። በፓምፕ መርጫ እርጭና ወዲያው በሮለር አዳርሰው፤ በመጋጠሚያና በጠርዝ የተጠራቀመውን ሳትስበው አትለፍ። ወፍራም አንድ ቅብ ከላይ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር የቀረውን አሟሚ ያፍነዋል፤ አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው። በሁለቱ ቅቦች መካከል የሚቆየው ጊዜ ከምርት ምርት ይለያያል፣ ጣሳውን ተከተል። ለእግር 24 ሰዓት፣ ለመኪና እስከ 72 ሰዓት ጠብቅ።

ደመና የመሰለ ነጭ ከታየ ፊልሙ ሥር እርጥበት ታሽጓል ማለት ነው። አክሪሊኩ በሶልቬንት (በኬሚካል አሟሚ) የተሠራ ከሆነ፣ ደረቅ ቀን ጠብቀህ ዛይሊን የሚባለውን አሟሚ በሮለር በስሱ እለፍበት፤ ፊልሙን መልሶ ያለሰልሰውና እርጥበቱ ይወጣል። የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ማስክ አድርግ፣ ባርቤኪውም ሆነ ማንኛውም እሳት አጠገብ አይኑር። በውሃ የተሠራ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፣ መላጥ ነው ያለው።

የግቢ_ጉዳይ (አዲስ አበባ)
የእኛ ግቢ የኮንክሪት ንጣፍ በየክረምቱ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት (አልጌ) እያበቀለ ያንሸራትታል። ሲለር ይከላከለዋል?

ሲለር_እና_ቀለም
ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ምክንያቱ ጥላና የሚቆም ውሃ ነው፤ የአሸንዳው ውሃ ንጣፉ ላይ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አዙሩት። ሽበቱ ላይ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ቀላቅለው ያርከፍክፉ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው በብሩሽ ፈትገው ያጠቡት። በረኪናና አሲድ በፍጹም እንዳይገናኙ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሲለሩን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይቀቡ፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምረው እስከ 8 ሰዓት ቢጨርሱ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ፀሐዩ የአክሪሊክ ፊልምን ቶሎ ይሰባብረዋል፣ የሚሰርገውን ይምረጡ። ግቢው ጥቁር ባዛልት ኮብልስቶን ከሆነ ድንጋዩ ራሱ ውሃ ብዙም አይጠጣም፤ ገንዘቡን ለመጋጠሚያው አሸዋና ለውሃ መውረጃው ቢያውሉት ይሻላል።